ሳይፈትሹ አይጫኑ፦ ከአሽዶድ ለአንባቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፍልዎ እስራኤል ካለችው ከአሽዶድ ከተማ፣ ከሮቫ ዳሌት ሰፈር ነው። እንጀራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው፤ የሥራዬም ትልቁ ድርሻ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ፣ መርምሮ መጫን ነው። ዛሬ ላወያይዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው፤ በተለይ ደግሞ ምስጢራችንን ስለሚጠብቁልን፣ የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ስለሚባሉት ሶፍትዌሮች። የምለምንዎትን ከወዲሁ ልናገር፦ ቢያንስ አንዱን ከምንጭ ኮዱ ተነሥተው በገዛ እጅዎ ገንብተው ይጫኑት፤ ከመጫንዎ በፊት ግን ከየት እንደመጣ ይፈትሹ። በደብዳቤው ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከእርስዎ የራቀ እንዳይመስልዎ። አሽዶድ ያለች እናት ጎንደር ላለችው እኅቷ በዋትሳፕ ስትደውል፣ ድምጿ ከስልኳ ሳይወጣ ማንም ሊረዳው ወደማይችል ቁጥር ይለወጣል፤ የሚፈታውም እኅቷ ስልክ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ዋትሳፕ ይህን ጥበቃ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ያዳረሰው በ2016 ነው። ሁለቱ ስልኮች ሌላ ሰው የማያውቀውን ቁልፍ የሚስማሙበት ሒሳብ ከርቭ 25519 ይባላል፤ ያወጣው ዳንኤል በርንስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ የሚጻጻፉ ከሆነ ግን ይህን ይወቁ፦ የተለመደው የቴሌግራም የጽሑፍ ውይይት እንዲህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ እንዲያ የሚሆነው «ሲክረት ቻት» የሚለውን ሲከፍቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይዘረግፋል።

በፊት፣ ዘመድ ከዘመዱ በተለያየበት ጊዜ፣ ድምጽ በካሴት ተቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይላክ ነበር። ያኔ ላኪው ተሸካሚውን ያውቀዋል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ካላመነው አይሰጠውም። ዛሬ መልእክታችንን የሚሸከመው ሶፍትዌር ነው፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ላይብረሪ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ ነው። የባንክ ድረ ገጽም ሆነ የመልእክት መተግበሪያ የየራሱን ምስጠራ ከባዶ አይጽፍም፤ መጻፍም የለበትም፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ትንሽ ስህተት ሁሉን ያፈርሳል። ስለዚህ አዋቂዎች የጻፉትንና ብዙ ዓይን ያየውን ይወስዳል። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ኦፕን ኤስኤስኤል ነው፤ ኤሪክ ያንግና ቲም ሃድሰን ከጀመሩት ሥራ ላይ ተነሥቶ በ1998 በዚህ ስም ወጣ። ለጀማሪ የምመርጠው ግን ሊብሶዲየምን ነው። በርንስታይን፣ ታንያ ላንገና ፒተር ሽዋበ ካዘጋጁት ናክል ከተባለ ላይብረሪ ላይ ተነሥቶ ፍራንክ ዴኒስ የተባለ ፈረንሳዊ አዳበረው። አነስ ያለ ነው፣ ምርጫ አያበዛም፣ ተጠቃሚውን ለስህተት አያጋልጥም።

እነዚህን ላይብረሪዎች በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል። አንዱ ተገንብቶ ያለቀውን መቀበል ነው። ሌላው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ የተጻፈውን ምንጭ ኮድ አውርዶ፣ ኮምፓይለር በሚባለው መሣሪያ ራስዎ ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር ነው። የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አጥቦና አድርቆ ማስፈጨትም ይቻላል። እናቶቻችን ሁለተኛውን የሚመርጡት ድካሙን ወደውት አይደለም፤ ከተፈጨው ውስጥ የሸክላ ዱቄት ሊኖር እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር የገዛ ወገኖቻችን ታሪክ ያስረዳል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ማዕከል በማርች 2013 ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተቃዋሚ የነበረውን የግንቦት 7 ድርጅት አባላት ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ይሠራጭ እንደነበር አሳየ። በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ ውጭ አገር ያሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሰነድ መስሎ በተላከ ፋይል ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም እንደተሞከረባቸው ገለጠ። ያ የጣሊያን ኩባንያ በጁላይ 2015 ራሱ ተጠልፎ ደብዳቤዎቹ ሲዘረገፉ፣ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር በዓለም ፊት ታየ።

ሦስተኛው ጉዳይ እኔ ወደምኖርበት አገር የሚመጣ ነው። በዲሴምበር 2017 ይኸው ማዕከል ሳይበርቢት በተባለ፣ ያኔ የጦር መሣሪያ አምራቹ የኤልቢት ቅርንጫፍ በነበረ የእስራኤል ኩባንያ ስለተሠራ የስለላ ፕሮግራም ዘገበ። ዒላማዎቹ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከነዚህም መካከል የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርኩ ጃዋር መሐመድ ነበሩ። ዘዴውን ልብ ይበሉልኝ። በኢሜይል የቪዲዮ ሊንክ ይላካል፤ ሲከፈት እውነተኛ የሚመስል ገጽ ይመጣል፤ ገጹም ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየር መታደስ አለበት ይላል። የተባለውን አውርዶ የጫነ ሰው ሰላዩን ራሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ ማለት ነው። ኩባንያው በመልሱ ሻጭ እንጂ ምርቱን የሚያንቀሳቅስ እንዳልሆነ ተናገረ።

ከነዚህ ሁሉ በአንዱም ላይ የምስጠራው ሒሳብ አልተሰበረም። ማንም ቁልፍ አልፈታም። የተደረገው፣ ሰውየው የማን እንደሆነ ያልጠየቀውን ፕሮግራም በገዛ ጣቱ እንዲጭን ማድረግ ነው። የተጠቂዎቹን ፖለቲካ ልንወድም ልንጠላም እንችላለን፤ በሩ የተከፈተበት መንገድ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። ዛሬም በየሞባይል ቤቱ፣ በቴሌግራም ቻናሉና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈውን መተግበሪያ ይመልከቱ። ጂቢ ዋትሳፕ የሚባለውን ስንቱ ጭኖታል! ዋትሳፕ አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ቀይረው ያዘጋጁት ነው፤ ምስጠራው በውስጡ ምን እንደተደረገ የሚያረጋግጥልዎ የለም። ልጅ በእናቱ ስልክ ላይ ሲጭንላት በፍቅር ነው የሚያደርገው፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳዝነኝ።

እንግዲህ ሊብሶዲየም እንዴት እንደሚገነባ ልንገርዎ። ሊኑክስ ያለው ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ኮምፓይለርና ሜክ የተባለው መሣሪያ ይኑሩበት፤ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሁለቱም በአንድ ትእዛዝ ይገባሉ።

የምንጭ ኮዱ ታርቦል ሆኖ፣ ማለትም ብዙ ፋይል በአንድ ታምቆ፣ ከፕሮጀክቱ ከራሱ ገጽ ይወርዳል። አብሮት ፊርማ የያዘ ትንሽ ፋይል አለ። ብዙ ሰው ይህን ትንሽ ፋይል ትቶት ያልፋል፤ እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ ዋናው እዚህ ነው እላለሁ። ሊብሶዲየም የሚፈረመው ሚኒሳይን በተባለ መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ከኦፐሬቲንግ ሲስተምዎ የፓኬጅ (ተገንብቶ ያለቀ ሶፍትዌር) ማከማቻ ያግኙት፤ ፊርማው የሚመረመርበትን የአዘጋጁን የአደባባይ ቁልፍ ደግሞ ታርቦሉን ካወረዱበት በተለየ ቦታ ያመሳክሩት፤ ምክንያቱም ገጹን የጠለፈ ሰው ታርቦሉንም ቁልፉንም አብሮ ሊለውጥ ይችላል። ሚኒሳይን ፊርማው ትክክል ነው ካለ፣ ከፈራሚው እጅ ወጥቶ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ አንድ ፊደል አልተነካም ማለት ነው።

አንድ ፊደል ስል በቃሉ ነው። ሻ 256 የተባለው ስሌት የማንኛውንም ፋይል ይዘት ወስዶ 64 ምልክት ያለው አሻራ ያወጣል። «ሰላም» የሚለውን በእሳቱ ሰ ጽፈው አሻራውን ያውጡ፤ ከዚያ በንጉሡ ሠ ጽፈው ይድገሙት። ለጆሮ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱ አሻራዎች ግን ከዳር እስከ ዳር የማይገናኙ ሆነው ይወጣሉ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ድምጹን አይደለም፤ የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተሰጠውን ቁጥር ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ምክር አለ። የይለፍ ቃል በአማርኛ ማድረግ መልካም ነው፤ አጥቂው በእንግሊዝኛ መዝገብ አያገኘውም። ነገር ግን ፀሐይን በየጊዜው በልዩ ልዩ ሆሄ የምንጽፍ ሰዎች ነን። የመረጡትን ሆሄ ካላስታወሱ የራስዎን ሣጥን ራስዎ መክፈት ያቅትዎታል።

ፊርማው ከተረጋገጠ በኋላ ታርቦሉን ፈትተው ውስጡ ይግቡና «ኮንፊገር» የተባለውን ስክሪፕት ያስነሡ። ይህ ማሽንዎን የሚያጠና ነው፦ የትኛው ኮምፓይለር አለ፣ ፕሮሰሰሩ ምን ይችላል፣ ምን ይጎድላል። ሲጎድል ይነግርዎታል፤ መልእክቱ ሲረዝም አይደንግጡ፣ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡ። ቀጥሎ «ሜክ» ሲሉ ግንባታው ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ እንደ ተራ ተጠቃሚ ይሥሩ። በአስተዳዳሪ ሥልጣን መገንባት የብዙዎች መጥፎ ልማድ ነው፤ ያላወቁትን ስክሪፕት የቤቱን ሁሉ ቁልፍ ይዞ እንዲሮጥ መፍቀድ ነው።

ከዚያ «ሜክ ቼክ»። እባክዎ ይህን አይዝለሉ። የተሳሳተ የሒሳብ ፕሮግራም ስህተቱ ወዲያው ይታያል፤ የተሳሳተ የምስጠራ ፕሮግራም ግን ራሱ ያመሰጠረውን ራሱ መልሶ ሊፈታ ይችላል፤ የውጭ ተመልካች ሁሉ ደህና ነው ይለዋል። ስለዚህ ላይብረሪው መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። ይህን ቁልፍና ይህን ጽሑፍ ብትሰጠው ሊወጣ የሚገባው ይህ ነው ይላል። «ሜክ ቼክ» እርስዎ የገነቡት፣ በእርስዎ ኮምፓይለርና በእርስዎ ማሽን ላይ፣ ያንኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ይፈትናል። አንዱ እንኳ ከወደቀ አይጫኑ።

ሁሉም ካለፈ «ሱዱ ሜክ ኢንስቶል» ብለው ይጫኑ፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈልገው እዚህ ብቻ ነው። ፋይሎቹ ዩኤስአር ሎካል ወደሚባለው ማኅደር ይገባሉ። በሊኑክስ ላይ ከዚህ በኋላ «ኤልዲ ኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ካልሰጡ ሌሎች ፕሮግራሞች አዲሱን ላይብረሪ ላያገኙት ይችላሉ፤ ጀማሪዎች ተገንብቶ አልሠራ አለኝ የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሌላው ችግር የሁለት ቅጂ ነገር ነው፦ ሲስተሙ ቀድሞ ያለው አሮጌና እርስዎ የጫኑት አዲስ ጎን ለጎን ሆነው ፕሮግራምዎ የትኛውን እንደያዘ አለማወቅ። ኦፕን ኤስኤስኤልን ሲገነቡ ይህ ከባድ ይሆናል። ከርቀት የሚገቡበት ኤስኤስኤች ሳይቀር የሲስተሙን የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ይደገፋል፤ የሲስተሙን ቅጂ በላዩ ላይ ከደፈጠጡት ሰርቨሩ ውጭ ሊያስቀርዎ ይችላል። ስለዚህ «ፕሪፊክስ» በሚለው ምርጫ የራሱ ለብቻው የሆነ ማኅደር ይስጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ባልፍ ቅር ይለኛል፣ የኮምፓይለሩን ጉዳይ። ጥንቁቅ የሆነ ፕሮግራም ቁልፍ ከተጠቀመ በኋላ ቁልፉ የነበረበትን የማስታወሻ ቦታ በዜሮ ይሞላዋል። ኮምፓይለሩ ግን ፍጥነት ፈላጊ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንም የማያነበውን ቦታ መጥረግ ትርፍ ሥራ ነው ብሎ መስመሩን ሊሰርዘው ይችላል። ምንጭ ኮዱን ያነበበ ሰው ቁልፉ ጠፍቷል ብሎ ያምናል፤ በተገነባው ፕሮግራም ውስጥ ግን ቁልፉ እዚያው ተቀምጧል። ሊብሶዲየም ለዚህ ሲባል ኮምፓይለሩ ሊሰርዘው የማይችል የራሱ መጥረጊያ አለው። ኮድ ማንበብ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የተገነባውንም መፈተን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ። ከምንጩ ገንብቻለሁና ድኛለሁ የሚል ሰው ካለ፣ የኤክስዜድን ታሪክ ይስማ። ኤክስዜድ ፋይል የሚያምቅ፣ በአብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ያለ ትንሽ መሣሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት ይንከባከበው የነበረው አንድ የደከመ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና አገዘው፤ አመኔታ አገኘ፤ አዲስ ቅጂ የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ባወጣቸው 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉ ቅጂዎች ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ደበቀ። ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው መስመር ሁሉም በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ በታርቦሉ ውስጥ ብቻ ነበር። የሚነሣውም ልክ ኮንፊገር ሲሮጥ ነው፤ ለፈተና የተቀመጡ ከሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ የተደበቀውን ኮድ አውጥቶ ወደ ግንባታው ያስገባ ነበር። ፊርማውስ? ትክክለኛ ነበር። የፈረመው ሥልጣን የተሰጠው ራሱ ጂያ ታን ነውና። ፊርማ ማን እንደላከው ይናገራል፤ ላኪው ታማኝ ስለመሆኑ አይናገርም።

ይህን ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ወደ ማሽኑ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከነከነው፤ ምክንያቱን ሲከታተል ኤክስዜድ ላይ ደረሰ፤ በማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። ብዙ ሰርቨር ላይ ከመድረሱ በፊት ተያዘ። ፍሮይንድ ይህን ይፈልግ የተባለ የደኅንነት ጠባቂ አልነበረም፤ የዳታቤዝ ሰው ነው። ግማሽ ሰከንድን እንደ ቀላል ነገር አላለፈም።

እንግዲህ በርበሬውን ቤት አዘጋጅተን ወፍጮው ራሱ ቢቀላቅልበትስ? ኬን ቶምሰን፣ ዩኒክስን ከፈጠሩት አንዱ፣ በ1984 በታተመ ንግግሩ ይህንኑ አሳይቷል፦ ኮምፓይለሩ ራሱ ከተበከለ፣ ንጹሕ ምንጭ ኮድ ሰጥተውት የተበከለ ፕሮግራም ሊያወጣ፣ አዲስ ኮምፓይለር ሲገነቡበትም ብክለቱን ሊያስተላልፍ ይችላል። ለዚህ ዛሬ ካሉት መልሶች አንዱ ተደጋጋሚ ግንባታ ነው። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ቦታ ያንኑ ምንጭ ገንብተው ውጤታቸው እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ መሆኑን ያስተያያሉ፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጆች በዚህ ለዓመታት ሲደክሙ ቆይተዋል። ይህ ሥራ ብዛት ያለው ሕዝብ ይፈልጋል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አሽዶድ ሆኖ ገንብቶ ውጤቱን ቢያስተያይ፣ አታላዩ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ማታለል ይኖርበታል።

ዴቢያንን ካነሣሁ ድክመቱንም ልናገር፤ በመካከል ያለው አካል የገነባልንን ዝም ብሎ መቀበልም ዋጋ አስከፍሏልና። በ2006 አንድ የዴቢያን አዘጋጅ የስህተት ማጣሪያ መሣሪያው ስለጮኸበት ከኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ መስመሮች አነሣ። የተነሡት የዕጣ ቁጥር የሚያመነጨውን ክፍል የሚመግቡት ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዴቢያንና በኡቡንቱ የተሠሩ ቁልፎች በየዓይነታቸው ከ32,768 ምርጫዎች ያልበለጡ ሆኑ፤ ይህን ሁሉ መሞከር ለኮምፒውተር የአጭር ጊዜ ሥራ ነው። ሉቺያኖ ቤሎ አግኝቶት በሜይ 2008 እስኪታወጅ ድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ማንም አላየውም።

የሃርትብሊድን ጉዳይ ሰምተው ይሆናል። በኤፕሪል 2014 ታወጀ። በኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ የነበረ ስህተት ማንኛውም ሰው በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሰርቨር ማስታወሻ እንዲቀዳ ይፈቅድ ነበር፤ የይለፍ ቃልም፣ ቁልፍም ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ንግድ የተደገፈበት ይህ ላይብረሪ በዓመት የሚያገኘው ልገሳ ያኔ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበትም አንድ ሰው። ከዚህ ታሪክ ለእርስዎ የሚሆነው ክፍል ይህ ነው፦ ከፓኬጅ ማከማቻ የጫነ ሰው በዚያን ሳምንት በአንድ ትእዛዝ ታደሰ፤ ከምንጩ ገንብቶ የረሳ ሰው ግን ማንም አላስታወሰውም። ራሱ የገነባ፣ ማደሱም የራሱ ዕዳ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1.1 ድጋፉ በሴፕቴምበር 2023 አብቅቷል፤ እርሱን ገንብቶ የተወ ካለ ዛሬውኑ ይቀይረው።

ስለዚህ ፍርዴን በግልጽ ላስቀምጥ። ለዕለት ሥራዎ ላፕቶፕና ስልክ፣ ከታወቀው ማከማቻ የሚመጣውን ይጫኑ፤ ዕድሳቱንም አያዘግዩ። ከምንጭ የሚገነባው ለመማር፣ ወይም ማከማቻው የሌለው ቅጂ በእውነት ሲያስፈልግና እየተከታተሉ ለማደስ ሲቆርጡ ነው። ለመማር መገንባት ግን እንደ ትርፍ ነገር አይታይ። አንድ ጊዜ ፊርማ ያመሳከረ ሰው፣ ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ የሚል ገጽ ሲመጣበት እጁ ራሱ ይቆማል።

ይህን ዕውቀት መያዝ ያሳሰራቸው ወገኖች እንዳሉን አልረሳሁም። በኤፕሪል 2014 በኢትዮጵያ ዞን ዘጠኝ የተባለው ቡድን ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለ፣ ማንም በነጻ ሊያነበው በሚችል የዲጂታል ጥንቃቄ መመሪያ መሠልጠናቸው ነበር። የከፊሎቹ ክስ በጁላይ 2015 ተቋረጠ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2015 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ቤት መቆለፍ ወንጀል እንዳልሆነ ሁሉ ምስጠራ መማርም ወንጀል አይደለም፤ ይህን ጮክ ብለን መናገር ያለብን የምናውቀው ሰዎች ነን።

እዚህ እስራኤል ያለን ደግሞ ላለመማርና ላለማስተማር ምንም ሰበብ የለንም። ከሮቫ ዳሌት እምብዛም ሳይርቅ ሬሆቮት አለ። አዲ ሻሚር፣ በ1977 ከሪቬስትና ከኤድልማን ጋር አርኤስኤ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ ያወጣው ሰው፣ የቫይዝማን ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ነው፤ ኢንስቲትዩቱም እዚያው ሬሆቮት ነው። በዚያችው ከተማ ኪርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር ብዙ የእኛ ቤተሰቦች ይኖራሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ከዘመናችን ምስጠራ አባቶች አንዱና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን አሉ፤ በአማርኛ የተጻፈ የምስጠራ መጽሐፍ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። ቴክ ካሪየር የተባለው ድርጅት ወጣቶቻችንን ወደ ሃይቴክ ሲያስገባ ቆይቷል፤ በሠራዊቱ የኮምፒውተር ክፍሎች ያገለገሉ ልጆችም አሉን። የሚያውቅ አለ። የጎደለው ያወቀውን በአማርኛ ወደ ቤት የሚመልስ ነው።

ወላጅ ከሆኑ፣ ልጅዎ በሥራ ቦታው የሚያደርገውን በአማርኛ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት፤ ሲከብደው ይታገሡት። ልጅ ከሆንሽ ወይም ከሆንክ፣ የእናታችሁን ስልክ ዛሬ ማታ ተቀበሏት፤ ከማከማቻው ውጭ የተጫነውን አጥፉላት፣ ለምን እንዳጠፋችሁትም ንገሯት። በሙያው ያላችሁ፣ አሽዶድም ሁኑ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን፣ ከዚህ ደብዳቤ የተሻለ መመሪያ ጻፉ፦ ፊርማ ከማመሳከር ጀምሮ እስከ «ሜክ ቼክ»፣ ከዚያም እስከ ዕድሳቱ፣ አንድም እርምጃ ሳይዘለል፣ በግእዝ ፊደል። በየማኅበረሰብ ማዕከሉና በየቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ። ስህተት ካያችሁብኝ አርሙት፤ የጻፋችሁትንም ሌላው ፈትሾ እንዲያርመው ክፍት አድርጋችሁ ተዉት።